ለለቀስተኛ የሚበቃ ሰርቨር

በኩማሲ ሰው የሚሞተው በፈቀደው ቀን ነው፤ የሚቀበረው ግን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከተማው በጥቁርና በቀይ ልብስ ከመሞላቱ የተነሳ ቁራ እንኳ ዘመድ የሞተበት መስሎት ድንኳን ይገባል። ይህን ያለው የዱፊ አጎት ዎፋ አንቶ ነው፤ ስለዚህ ግማሹን ማመን ይበቃል።

ዱፊ የምትተዳደረው በእነዚህ ቅዳሜዎች ነው። ለእያንዳንዱ ሟች በድረ ገጿ ላይ አንድ ገጽ ትከፍታለች፤ ፎቶው፣ ታሪኩ፣ የልጅና የልጅ ልጁ ስም እዚያ ይሰፍራል። መምጣት ያልቻለ ዘመድ ቀብሩን በስልኩ ያያል። ሥራው ሰላም ነበር፣ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ። ያን ዕለት አንድ አስተማሪ አፈር ሊለብሱ ሲሉ ገጹ ድርግም አለ። የተመለሰው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ኦፓኒን ባፎ መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። የአንድ ትልቅ ጎሳ አለቃ ናቸው፤ የታላቅ እህታቸው ቀብር በመጪው ቅዳሜ ነው።

"ልጄ፣ የአስተማሪውን ጉድ ሰምቻለሁ" አሉ በዝግታ። "እህቴን በሕይወቷ ንግግሯን ያቋረጣት ሰው የለም። ሞታም እንዳትቋረጥ።"

"አትቋረጥም አባቴ።"

"ከተቋረጠች ጎሳው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። እኛ ደግሞ ብዙ ነን፤ ገና ብዙ እንሞታለን።"

ሽማግሌው እንደወጡ ዱፊ የእናቷን ወንድም ዎፋ አንቶን አስከትላ ላርቢ ዘንድ ሄደች። ላርቢ አዱም ሰፈር፣ ከጫማ ሻጮች በላይ ባለች ክፍል ተቀምጦ ድረ ገጾች የሚያድሩበት ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር፣ ላይ ቦታ ያከራያል። ዎፋን ማስከተል የግድ ነው፤ ካላስከተሉት ቀድሞ ይደርሳል።

"ያለሽበት ሰርቨር የጋራ ነው" አላት ላርቢ። "አንድ ግቢ፣ ሃያ ተከራይ፣ አንድ ቧንቧ። ጎረቤትሽ የሎተሪ ቁጥር የሚተነብይ ነቢይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ 'ቁጥሩ ታየኝ' አለ፤ አገር ምድሩ ተግተልትሎ ገባ። ለአንቺ ጠብታ አልተረፈሽም።"

"ቁጥሩስ ስንት ነበር?" አለ ዎፋ።

"ዎፋ!" አለች ዱፊ።

"ለማወቅ ያህል ነው እኮ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔን ከሰማችሁ ሙሉ ማሽን ብቻዋን ትከራይ። ሾፌር ሳለሁ መኪናዬ ከመርዘሟ የተነሳ የፊት ጎማዋ ሩቅ ሰሜን ታማሌ ሲደርስ ኋላዋ ገና ኩማሲ ላይ ቲማቲም ይጫንባት ነበር። ትልቅ ነገር አሳፍሮኝ አያውቅም።"

"ስትበላሽስ ማን ይጠግንልዎ ነበር?" አለ ላርቢ።

"እኔው ነኛ! ከሞተሩ እስከ ኋላ መብራት ስሄድ ጢሜ ያድግ ነበር።"

"ሙሉ ማሽንም እንደዚያው ነው። ጠጋኟም ጠባቂዋም ተከራይዋ ናት። ዱፊ፣ ትችያለሽ?"

ዱፊ ለሽማግሌው "ሙሉ ማሽን ተከራየሁልዎ" ብላ ለመንገር ልቧ ጓጉቶ ነበር። ግን ስልኳ ሲያስቸግራት አጥፍቶ ከማብራት በቀር የምታውቀው ጥገና የለም።

"አልችልም" አለች።

"በቀን ስንት ሰው ይገባል?"

"ሦስት መቶ ገደማ። የወሩን ለቀኑ አካፍዬ።"

"ለቅሶ አይካፈልም። ቅዳሜ ብቻውን ስንት ነው?"

መዝገቡን ከፈተች። ከእሑድ እስከ ዓርብ በቀን ሃያ ሰው፤ ቅዳሜ ግን ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ሁለት ሺህ።

"እንግዲያው መካከለኛውን ውሰጂ። ትልቅ ሰርቨር ውስጥ ለብቻ የታጠረ ክፍል ነው። ቧንቧው ያንቺ፣ ጠባቂው እኔ። ቅዳሜ ጠዋት አሰፋዋለሁ፣ ማታ መልሼ አጠብበዋለሁ።"

"ክፍል!" አለ ዎፋ እንደተሰደበ ሰው። ዱፊ ግን ክፍሉን ወሰደች።

ቅዳሜ ሦስት ሺህ ሰው ገባ፤ ገጹ ንቅንቅ አላለም። ኦፓኒን ባፎ ድንኳን ውስጥ ጠሯት። "ይህ ሁሉ ሰው አዲስ ልብስ አሰፍቷል። የለቀስተኞቹንም ፎቶ ገጹ ላይ አውጪ።" ከዚህ በፊት አውጥታ አታውቅም፤ ማታውን አራት መቶ ፎቶ አወጣች። ላርቢም በቃሉ መሠረት ክፍሉን አጠበበ።

እሑድ ሰው ከቀብር ማግስት ከሚደረገው የምስጋና ቅዳሴ ወጥቶ ምሳ ሲቀርብ ገጹ መንፏቀቅ ጀመረ። የዱፊ ስልክ ጮኸ፤ ኦፓኒን ባፎ ነበሩ።

"ልጄ፣ ፎቶው ላይ ፊቴ እስከ አፍንጫዬ መጥቶ ቆመ።"

"አሁን ይጨረሳል አባቴ!" ብላ ዘጋችና ወደ ላርቢ ደወለች። "ክፍሉን አስፋው!"

"ቀብሩ ትናንት አልነበረም እንዴ?"

"ትናንት ያዩት ሟቿን ነው! ዛሬ ሁሉም ራሱን እያየ ነው!"

"ፉፉ እየበላሁ ነው፤ እጄ ሾርባ በሾርባ ነው።"

"በግራህ ንካው!"

"ለደንበኛ? በግራ እጅ? ነውር አይደለም እንዴ!"

ታጥቦ መጣ። ዎፋ አንቶ ያ መታጠብ ሦስት ቀን እንደፈጀ ዛሬም በየሄደበት ይምላል፤ በሰዓት ሲለካ ግን አራት ደቂቃ ነው። ክፍሉ ሰፋ፣ ፎቶዎቹ ተግተልትለው መጡ፣ ሽማግሌውም መልሰው ደወሉ።

"አፌ መጣ። ሆዴም መጣ፤ ሆዱ ግን የሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ምን ሆኖ ነው?"

ዱፊ ለመዋሸት አፏን ከፈተችና ተወችው። "ለቅዳሜ እንጂ ለእሑድ አላሰብኩም ነበር። ተንቀራፏል አባቴ፤ ግን አልተቋረጠም።"

ከሽማግሌው ኋላ የሴቶች ሳቅ ይሰማል፤ አንዷ የሌላዋን ራስ ማሰሪያ እየተቸች ነው።

"መዘግየቱን ማን ይከሰዋል" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ራሴ ቀብሩ ላይ አርፍጄ ነው የደረስኩት። በሚመጣው ወር የአክስቴ ልጅ ሙት ዓመት አለ። ገጹን አንቺው ክፈቺ።"

ዱፊ ለላርቢ ከእንግዲህ እሑድም ክፍሉን እንዳያጠብብ ነገረችው። ከዚያ የሟቿን ፎቶ ልታይ ገጹን ከፈተች፤ ግን ፎቶዎቹን እያሳለፈች ስትወርድ፣ በቀይ ሻሽ ከድንኳኑ ጥግ የቆመችውን ራሷን አገኘችና እዚያው ቆየች።