የዞሬ ልምጣ ንድፈ ሐሳብ

ማራኪ በሕይወቷ በሰው ፊት የተመሰገነችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው አራተኛ ክፍል ሳለች በንጽሕና ነው። ሁለተኛው በሰኔ ወር፣ በአንድ ማክሰኞ፣ በአማካሪዋ በዶክተር ፈጠነ ቢሮ፣ እሷ ባላለችው ነገር ነው።

ዶክተሩ የመመረቂያ ጽሑፏን የመጨረሻ ምዕራፍ ገልጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቡ። የተጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስትመለስ እንዲህ ትላለች፦ «ገዢ ‹ዞሬ ልምጣ› የሚልበት ጎረቤት ሱቅ ከሌለ፣ መጀመሪያውንም አይመጣም።»

«አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ለምን ጎን ለጎን እንደሚደረደሩ ተማሪው ሁሉ ሃያ ገጽ ይጽፍልኛል» አሉ። «አንቺ በአንድ መስመር ጨረስሽው። ያንቺ ነው?»

ማራኪ ራሷን ነቀነቀች።

እውነቱን ለመናገር፣ የነቀነቀችው «እየሰማሁ ነው» ለማለት ነበር። ማራኪ ለሁሉም ነገር ነው የምትነቀንቀው። ፀጉር ቤት ገብታ «ትንሽ ላሳጥረው?» ስትባል ነቅንቃ፣ የወገቧን ፀጉር ጆሮዋ ላይ አስቀርታ የወጣች ልጅ ናት። «አይ፣ የሰው ነው» ለማለት አፏን ስትከፍት ዶክተሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤ ጽፈው ነበር።

«ስም እንስጠው» አሉ። «የዞሬ ልምጣ ንድፈ ሐሳብ። በይ፣ እስከ ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት የማረጋገጫ ገጹን ፈርመሽ አስገቢ። ከዘንድሮ ተመራቂዎች ጋር ትወጫለሽ።»

የማረጋገጫ ገጽ ማለት «ይህ ሥራ የራሴ ነው፤ የተጠቀምኩባቸውን ምንጮች ሁሉ በአግባቡ ጠቅሻለሁ» የሚል፣ ከታች የፊርማ ቦታ ያለው አንድ ወረቀት ነው። ማራኪ ማታውኑ ቀራንዮ ቤቷ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ገጹን የገለበጠችው አምና ከተመረቀችው ከሄቨን ጽሑፍ ነው፤ የሄቨን ስም እንኳ ከታች አልተነሳም። ሥራው የራሴ ነው የሚለውን ቃል ከሰው መውሰዷ ለጊዜው አላሳቀቃትም። ስሙን አጥፍታ የራሷን ጻፈችና አተመችው። እስክሪብቶ አነሳች። እጇ አልሄደም።

ዐረፍተ ነገሯ የጋሽ ጀይሉ ናት። ጋሽ ጀይሉ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ሃያ ሁለት ዓመት መጋረጃ የሸጡ ሰው ናቸው። ማራኪ ሦስት ሳምንት ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጣ ጠይቃቸዋለች። ድምፅ ልቅረጽ ብሎ መጠየቅ ስላሳፈራት በማስታወሻ ደብተር ጻፈች፤ ትምህርተ ጥቅስ ማድረግ ደግሞ ከንግግራቸው ወደ ኋላ ስለሚያስቀራት ተወችው። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ስትገልጥ ሁሉም ነገር በራሷ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ አገኘችው። ሰው የራሱን የእጅ ጽሑፍ አይጠራጠርም። በተለይ ጽሑፉ ጎበዝ ከሆነ።

ቅጂ የሚያጣራው ሶፍትዌርም አልረዳትም። ከሌላ ጽሑፍ የሚመሳሰለው ዘጠኝ በመቶ ብቻ ነው ብሎ በአረንጓዴ አሳልፏታል። ሶፍትዌሩ በዓለም ላይ የታተመውን መጽሔት ሁሉ ያውቃል፤ ጋሽ ጀይሉን አያውቃቸውም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ይዛ ወደ ጋሽ ጀይሉ ሱቅ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን በልቧ ስትለማመድ ፌርማታዋን አልፋ፣ «ወራጅ አለ» ለማለት እስክትደፍር አንድ ሌላ ፌርማታ ጨመረች። በካፊያ ወደ ኋላ ተመልሳ ሱቁ ስትደርስ ጋሽ ጀይሉ ጣቃ ይጠቀልሉ ነበር።

«ምሁሯ! ተመረቅሽ?»

«ገና ነኝ፣ ጋሼ።»

«መጽሐፉ ውስጥ ገብቻለሁ አይደል? መስጊድ ለማገኘው ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።»

«ገብተዋል።»

«ምን ተብዬ?»

ማራኪ ጣቃውን እያየች፣ «ተጠያቂ ሦስት» አለች።

«ሦስት? አንድና ሁለት እነማን ናቸው?»

«ስምዎ እንዳይታወቅ ነው፣ ጋሼ። ለርስዎ ጥበቃ ተብሎ ነው።»

«ከማን ነው የምትጠብቂኝ? በይ ንገሪኝ፣ ያ መጽሐፉን ይዘሽ የምትመጪው ፈረንጅ ስሙ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

«ከነዓመተ ምሕረቱ?»

«ከነገጹ።»

«አሥራ ስምንት ማዞሪያን አይቷት ያውቃል?»

«አይመስለኝም።»

«እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜባት ቁጥር ሆንኩ!» አሉና ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«የባሰም አለ» አለች ማራኪ። ልምምዷ ጠፍቶባት ነበር፤ ስለዚህ እንደመጣላት ተናገረች። «ያችን ‹ዞሬ ልምጣ› ያሉኝን የራሴ አስመስዬ ጻፍኳት። ዶክተሩ ወደዷት። ያንቺ ነው ወይ ሲሉኝ ነቀነቅኩ።»

ስድብ ጠበቀች። ጋሽ ጀይሉ ግን ጢማቸውን ዳበሱ።

«ዶክተር ወደዳት?»

«በጣም። ኤ ሰጡኝ።»

«ኤ!» አሉ ጋሽ ጀይሉ፣ ውጤቱ የተሰጠው ለሳቸው ይመስል።

ማራኪ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «ስምዎን ከዐረፍተ ነገሯ ጋር ልጽፈው ነው። ስሜ ይገለጽ ብለው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ጋሽ ጀይሉ ወረቀቱን በመዳፋቸው አስተካክለው እስክሪብቶውን ያዙ። ከዚያ ቆሙ። ከኋላ ሲንከተከት የነበረው የስፌት መኪናም ቆመ።

«ነገ ብፈርምልሽስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምኑን ነው የሚፈርመው?» አለ የሴት ድምፅ።

ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ ሜትር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከመጋረጃዎቹ መሀል ወጡ።

«‹ዞሬ ልምጣ›ን ነው? ኢብራር ጎናችን መጋረጃ ሲከፍት ሦስት ቀን እህል አልቀምስም ያለው ማን ነው? ‹በሽማግሌ አስነሳዋለሁ› እያለ ሲፎክር፣ ‹ተው፣ ሴት ልጅ ዞሬ ልምጣ የምትልበት ካጣች እኛም ጋ አትመጣም፣ መርካቶ ትወርዳለች› ያልኩህ ማን ነኝ?»

«ቤት ውስጥ የተባለ ነገር የቤት ነው» አሉ ጋሽ ጀይሉ።

«ቤቱስ የማን ነው?»

«የሁለታችን!»

«ታዲያ ብቻህን ምን ያስፈርምሃል?»

«ኧረ አልፈረምኩም!»

«እስክሪብቶው እጅህ ላይ ነው!»

ጋሽ ጀይሉ እስክሪብቶውን እንደሚያቃጥል ነገር አስቀመጡት። «ወላሂ፣ ማራኪ፣ እኔም የራሴ ይመስለኝ ነበር። ለነጋዴው ሁሉ ስናገራት ከረምኩ፤ ሰው ‹ጀይሉ እንዳለው› ሲል ዝም አልኩ።»

ማራኪ በሽማግሌው ፊት ላይ የራሷን ማክሰኞ አየች። ትንሽ ቀለላት፤ ወዲያው ግን እትዬ ዘሀራ ወደሷ ዞሩ።

«አንቺስ ብትሆኚ፣ ሦስት ሳምንት እዚህ ስትቀመጪ እኔን አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። በደብተሯ ውስጥ ስለ እትዬ ዘሀራ የተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከኋላ የስፌት መኪና ድምፅ ይረብሻል።» ይህን ግን ጮክ ብላ አልተናገረችም። ምንጭ በአግባቡ መጥቀስም ልክ አለው።

«ደውይለት» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«ለማን?»

«ለዶክተሩ ነዋ። እዚሁ፣ አሁን። ቤትሽ ከገባሽ አትደውይም።»

ማራኪ ለዶክተሩ ከመደወል ይልቅ ዲግሪውን ብትተወው ይቀላት ነበር። ሌሊቱን አራት ጊዜ መልእክት ጽፋ አራት ጊዜ አጥፍታለች። ግን የእትዬ ዘሀራ ዓይን ላይዋ ላይ ነበር፤ ደወለች፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ጋሽ ጀይሉን፣ እትዬ ዘሀራን፣ መነቅነቋን ጭምር። ዶክተር ፈጠነ ጨርሰው ሰሙና ጠየቁ።

«ታዲያ ያንቺ የትኛው ነው?»

ማራኪ በጭንቅላቷ ጽሑፉን ገለጠች። ሁለተኛው ምዕራፍ የፈረንጆቹ ነው፤ ስማቸው ከነገጹ አለ። ሦስተኛው ራሳቸው ዶክተሩ ያስተማሯት ዘዴ ነው። አምስተኛው የእትዬ ዘሀራ ሆኗል።

«ሠንጠረዡ» አለች። «አራት ነጥብ ሁለት። ሱቆቹን አንድ በአንድ የቆጠርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ጎሽ። እሱን በተመለከተ ልጽፍልሽ ነበር፤ ድምሩ አይገጥምም። በየመስመሩ ሲደመር ሠላሳ ሦስት ሱቅ ነው፣ አንቺ ከታች ሠላሳ አራት ብለሻል።»

ማራኪ በሱቁ በር መስታወት ራሷን አየች። የራሷ የሆነው ብቸኛው ነገር ስሕተቱ ነው።

«ኤው ለዐረፍተ ነገሯ ነበር፤ ሰርዣለሁ» አሉ ዶክተሩ። «የሴትየዋን ስም፣ የነገሩሽን ቀንና ቦታ አስገቢ። ከሰው የሰማሽውን ሁሉ ከራስሽ ለይ። ከዚያ የተረፈውን አይቼ አዲስ ውጤት እሰጥሻለሁ። ዓርብ ግን ዓርብ ነው፤ ካለፈ የሚቀጥለው ዓመት ነሽ። ደግሞም…» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ባትደውዪ ኖሮ አላውቅም ነበር።»

ስልኩ ተዘጋ። «ምን አለ?» አሉ ባልና ሚስት እኩል።

«ኤዬን ወሰዱብኝ። ንድፈ ሐሳቡ ደግሞ የእትዬ ዘሀራ ነው።»

እትዬ ዘሀራ ፈገግ አላሉም። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው አስቀመጡና ወረቀቱን ወደሳቸው ሳቡ። «በአባቴ ስም ነው የምትጽፊኝ። ተጠንቅቀሽ ጻፊ፣ አባቴም ሰምቶኝ አያውቅም ነበር» አሉ፤ ፊደሉን እያጠበቁ፣ በዝግታ ፈረሙ።

ጋሽ ጀይሉ በሚስታቸው ትከሻ ላይ አሻግረው አነበቡ። «እኔስ?»

«አንተ ሦስት ነህ» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«ወደ ሁለት ማሳደግ አይቻልም?»

ማራኪ ከሱቁ ወጥታ ጃንጥላዋን ዘረጋችና ከማዞሪያው ጀምራ ሱቆቹን እንደገና መቁጠር ያዘች። አሥራ አንደኛው ላይ ያገኘችው የታሸገ በር ነው፤ ባለፈው ድምሩ ውስጥ አስገብታው በየትኛውም መስመር ያልጻፈችው እሱ መሆኑ ገባት። ከጎኑ የነጋሽ ጀይሉ ጎረቤት አቶ ኢብራር በራፋቸው ላይ ቆመው ያዩዋታል።

«ደግሞ ልትቆጥሪን መጣሽ?»

«ይሄ የተዘጋው ይቆጠራል አይቆጠርም ብዬ ነው።»

አቶ ኢብራር በሩን አዩት። «ሰው አሁንም መጥቶ የሚያንኳኳው ከሆነ ሱቅ ነው» አሉ። «ማንም ካላንኳኳው ግድግዳ ሆኗል።»

ማራኪ ደብተሯን አወጣች። መጀመሪያ ትምህርተ ጥቅስ ከፈተች። ከዚያ ብዕሯን አቆመች።

«አሁን ያሉት የርስዎ ነው?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«እርግጠኛ ነዎት?»

አቶ ኢብራር መቆጣት ጀምረው መሀል ላይ ተዉት። ወደ ሱቃቸው ውስጥ ዞር ብለው አዩ።

«ቆይ እስኪ» አሉ፣ «ጠይቄ ልምጣ።»

ማራኪ ጃንጥላዋን በትከሻዋ ደግፋ፣ ጥቅሱን እንደከፈተች ጠበቀች።