የቬቱሪያ ዘጠኝ ዓመት

«ልቧ ነው በይ» አለች አግላያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሚጠይቅሽ ካለ ልቧ ነው። አደራሽን።»

ሳንዳ የያዘችውን የጎመን ቅጠል ሳትጠቀልል ቀረች። ሁለቱ ሴቶች ጓሮ ባለው ወጥ ቤት፣ ለነገው ቀብርተኛ ሥጋና ሩዝ በጎመን እየጠቀለሉ ነው። ቬቱሪያ ሳሎን ውስጥ የሬሳ ሳጥኗ ክፍት ሆኖ ተጋድማለች። አግላያ የሟቿ ታላቅ እህት ናት።

«ልቧ አይደለም እንዴ?»

«የት ልብ አመጣሽ። ያ የተረገመ ነቀርሳ ተመልሶ አጥንቷ ውስጥ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ‹የማኅበሩ ሴቶች ከሰሙ ተስፋ ቆርጠው ይበተናሉ› ብላ እኔንም አስምላኛለች።»

ሁለት ዓመት። ሳንዳ ቬቱሪያን ያወቀቻት እኮ አምና ነው።

ቡዛው በምትባለው የሩማንያ ከተማ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ክፍል፣ የጡት ነቀርሳ የያዛቸው ሴቶች ይሰበሰባሉ። ነባሮቹ አባላት ለአዲስ መጪ ስማቸውንና ከዳኑ ያለፋቸውን ዓመት ይናገራሉ፤ ደንቡ ነው። ሳንዳ ያን ቀን የሄደችው ነርሷ ስለጨቀጨቀቻት እንጂ፣ ሕክምናውን ትታ ቤቷ ቁጭ ልትል ቆርጣ ነበር። አንዲት ወፈር ያለች ሴት ብድግ አለች። «ቬቱሪያ። ዘጠኝ ዓመት፣ ምልክቱም የለ። ጡቴ ሲሄድ ባሌም አብሮ ሄደ፤ ከሁለቱ የናፈቀኝ ጡቴ ነው።» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳንዳም ከስንት ወር በኋላ ሳቀች፤ በማግስቱም ሕክምናዋን ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ለመድኃኒቱ ቡካሬስት በሄደች ቁጥር ቬቱሪያ አብራት ባቡር ትሳፈራለች። ስታስታውክ ግንባሯን ይዛ «በርቺ አንቺ ልጅ፣ እኔን አታዪኝም?» ትላታለች። አንድ ቀን ቬቱሪያን የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ፊቷ አመድ መስሎ ቁጭ ብላ አገኘቻት። «ጫማዬ ጠቦኝ ነው» አለች፤ ሳንዳም አመነቻት።

አሁን የሳንዳ ደም ፈላ። ተታለልኩ ብላ ብቻ አይደለም። ለካ ያቺ ግንባሯን የምትይዝላት ሴት ቤቷ ገብታ ብቻዋን ስትቃትት ኖራለች፤ አንድም ቀን «ነይ እኔንም ያዢኝ» አላለቻትም። አንጀቷን ያሳረራት ይኼ ነው። ሰኞ ደግሞ የራሷ ቀጠሮ አለ። እሷን ያላዳነ እኔን ምን ሊረባኝ፣ ይቅርብኝ አለች በሆዷ።

መጠቅለሉን ለአግላያ ትታ ሳሎን ገባች። ግድግዳውን ተደግፈው ከተቀመጡት ጎረቤቶች አንዷ «ልብ ነው እንዲህ አክስቶ የሚጨርስ?» ስትል፣ ሌላዋ «ዝም በይ፣ ትሰማለች» ብላ በክርኗ ጎሸመቻት።

ትሰማለች የተባለችው ሚሬላ ናት። ማኅበሩ ውስጥ ከገባች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፤ የሁለት ሕፃናት እናት ናት፤ ረቡዕ ጡቷ ይቆረጣል። ከሳጥኑ አጠገብ ቆማ ሟቿን ትኩር ብላ ታያለች።

«እትዬ ሳንዳ፣ እርስዎ ያውቃሉ። እውነት ልባቸው ነው?»

አግላያ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ደርሳለች። በዓይኗ ለመነቻት። ሳንዳ «አዎ» ብትል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል፤ ይቺ ልጅም ረቡዕ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ ልክ ሳንዳ ራሷ እንደሄደችው። «ነይ» ብላ ክንዷን ይዛ ወደ በረንዳው አወጣቻት።

«ልቧ አይደለም። ተመልሶባት ነው የሞተችው። ዘጠኝ ዓመት የምትለው ውሸቷን ነው፤ ለእኔም ዋሽታኛለች።»

የሚሬላ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ታዲያ ረቡዕ ለምን ብዬ ነው የምሄደው?»

ቬቱሪያ ብትሆን አንድ ቀልድ ጣል አድርጋ ትገላግላት ነበር። ሳንዳ ግን ቀልድ አልሆነላትም።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። ብዙዎቹ ድነዋል፤ አንቺም ትድኛለሽ ብዬ ግን አልምልልሽም። እኔ ራሴ ሰኞ መድኃኒት አለብኝ፣ አልሄድም እያልኩ ነው። ፈርቻለሁ።»

«እርስዎም ይፈራሉ?»

«በጣም።»

ሚሬላ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች። «ሰኞ ልጆቹን ለእናቴ ትቼ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«አንቺ ራስሽ ለረቡዕ…»

«ረቡዕ ረቡዕ ነው። ሰኞ ሥራ የለኝም።»

አይ፣ አትቸገሪ የሚለው ቃል ሳንዳ አፍ ድረስ መጣ። ዋጥ አደረገችውና «እሺ» አለች።

ነፋሱ በረዶ ነው። ሹራቧን ልትቆልፍ ሞከረች፤ ቁልፉ ከጣቷ አመለጠ፣ ደግማ ሞከረች፣ አመለጠ። ሁልጊዜ እንዲህ ሲሆን ሰው እንዳያያት ዞር ብላ ነበር የምትታገለው።

«ጣቶቼ ደንዝዘዋል» አለች። «መድኃኒቱ ነው። ለቬቱሪያ እንኳን አልነገርኳትም። እስቲ ቆልፊልኝ።»

ሚሬላ ጎንበስ ብላ ከታችኛው ቁልፍ ጀመረች። ሳንዳ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። ልጅቷ የላይኛው ቁልፍ ጋ ስትደርስ፣ ከትናንት ጀምሮ አልወጣ ብሎ የነበረው የሳንዳ እንባ የሚሬላ እጅ ላይ ወረደ፤ እሷ ግን መቆለፏን አላቋረጠችም።