«ወደ» የጎደለችበት መልእክት

መደርደሪያው ላይ የነበረው የጥርስ ብሩሽ አንድ ብቻ ነው። አራሚዋ ልጇ ለበዓሉ በጠራቻት ቤት የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቀርቅራ መስተዋቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ሣጥን ከፈተች። የራስ ምታት ክኒን፣ ማበጠሪያ፣ በግማሽ ያለቀ የእጅ ቅባት። ማበጠሪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አየች። የልጇ ፀጉር ነው፤ የሌላ ሰው የለበትም። የጢም መላጫ ፈለገች፤ የለም። ጎንበስ ብላ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ፎጣ አሸተተች፤ ሳሙናና ጨው።

«እትዬ፣ ሰምጠሽ ነው እንዴ?» አለ ታናሽ ወንድሟ ከውጭ።

«እጄን እየታጠብኩ ነው።»

«ውሃውን ሳትከፍቺ?»

ቧንቧውን ከፈተችው።

ነገሩ የጀመረው ከዘጠኝ ቀን በፊት ስልኳ ላይ በገባ መልእክት ነው። ልጇ ሊፍት ጠጋኝ ናት። ቤተሰቡ «ብሎን» እያለ ነው የሚጠራት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የጨበጠችውን ነገር ማስለቀቅ አይቻልም ነበርና። ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር፤ ከዚያ ሆና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እማዬ፣ ለበዓሉ ጎጆ ልወጣ ነው። አንቺና አጎቴ ቅዳሜ ኑ፤ አድራሻውን ልኬልሻለሁ። ሌላውን እዚያ እነግራችኋለሁ።»

ጎጆ ልወጣ ነው። አራሚዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጣ የሰው ጽሑፍ ስታቀና ኖራለች። ጡረታ ከወጣች በኋላም የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየች ገብታ ሳትነግራቸው አታልፍም። ጎጆ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለእሷ የሚያስረዳት የለም። ያገባል፤ የራሱን ቤት ይይዛል። ልጇ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ትኖራለች።

ደውላ መጠየቅ ትችል ነበር። ግን አፏን ያሰረችው ራሷ ናት። ሰው ቤት ገብተው የተቀመጡበት ወንበር ሳይሞቅ «ልጅሽስ መቼ ነው?» የሚሉ ሴቶች አሉ። የአንዲትን ሴት ዕድሜ እንደ ወተት ቀኑ አልፎበት እንደሆነ አገላብጠው የሚያዩ፣ ሊፍቱ አሥረኛ ፎቅ ላይ ቀጥ ሲልባቸው ግን ማን እንደሚያወርዳቸው የሚረሱ። አራሚዋ ከእነዚህ ከስንቶቹ ጋር ተኳርፋለች። አንድ ቀን እንደዚሁ አንዷን ከቤት አስወጥታ በሩን ከዘጋች በኋላ ለልጇ «እኔ በሕይወቴ አልጠይቅሽም» ብላ ምላላታለች። መሐላዋን ደግሞ አታፈርስም። መፈለግ ግን መጠየቅ አይደለም።

ማወቅ የፈለገችው ሰውየውን ብቻ አልነበረም። ልጇ ከቤት የምትወጣበትን ቀን ማወቅ ፈለገች። ሰውየውን ስታስብ ትጓጓለች፤ ቀኑን ስታስብ ግን ባይደርስ ትላለች።

ከመታጠቢያ ቤቱ ስትወጣ ወንድሟ በሙሉ ልብስና በክራቫት ሆኖ አሸዋ ከጫማው ያራግፋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ መቀሱን ሳይዝ የትም አይሄድም።

«አገኘሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«ምንም።»

«ከመጣ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጎፈሬ ከሆነ እዚሁ አስተካክለዋለሁ። እንደዚያ ሆኖ ፎቶ አይነሳም።»

ልጇ የጠራቻቸው የባሕር ዳር ጎጆ አንድ ክፍል፣ አንድ ጓዳና መታጠቢያ ቤት ናት። ሳንቃው በጨው ነፋስ ነጥቷል፤ ሚስማሮቹ ዝገው ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር አውርደዋል። የላከችላቸው ፎቶ ላይ ባሕሩ ደጃፉ ላይ የደረሰ ይመስል ነበር፤ እውነቱ ግን በጎጆዋና በባሕሩ መሀል አራት የመኪና ማቆሚያና አንድ የተገለበጠ ጀልባ አሉ። አራሚዋ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ የሚያወጣውን ሰው ብታገኘው የምትለው አላት፤ ለጊዜው ግን ሌላ ሥራ ይዛለች።

ብሎን የውጭውን በር ነቅላ መሬት ላይ አጋድማዋለች። እርጥበት አሳብጦት አልገጥም ብሏል፤ ጫፉን በሞረድ ትሞርዳለች።

«በዕረፍትሽ ቀን?» አለቻት እናቷ።

«እያየሁት ዝም ልበል እማዬ?»

በዚህ መሀል አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው የጋዝ ሲሊንደር ትከሻው ላይ ተሸክሞ መጣ። ብሎን ስታየው ፈገግ አለች። «ሞረድህን ሰረቅሁህ» አለችው። እሱም «መቼ ትመልሺው ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት» አላት። አራሚዋ ጆሮዋን አቆመች። ፈገግታ አለ፤ ቀልድ አለ፤ የጋራ ሞረድ አለ። ሰውየው ወደ ጓሮ ሲዞር ተከተለችው፤ ወንድሟም እሷን ተከተላት።

«ልጄ፣ እዚህ ከመጣህ ቆየህ?»

«ሰባት ዓመቴ ነው፣ እናቴ።»

«ሰባት ዓመት በአንድ ሥራ ላይ። ጥሩ ነው። አትጠጣም?»

«አልጠጣም።»

«ሲጋራስ?»

«ትቻለሁ።»

«ጤናህ እንዴት ነው?»

ሰውየው ሲሊንደሩን ቀስ ብሎ መሬት አሳረፈው። «ወገቤን ትንሽ ያመኛል። ምነው እናቴ፣ ጎጆው ውስጥ የጎደለ ነገር አለ?»

«ከልጄ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ?»

«ትናንት ቁልፍ ስሰጣት። የመዘገበቻት ሚስቴ ናት፤ ልጥራልዎት?»

ፀጉር አስተካካዩ ድንገት ሳል ያዘው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አያስፈልግም» አለች አራሚዋ። «ለወገብህ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ተኛ።»

ለምሳ ብሎን ዓሣ ጠብሳ ዳቦና ቲማቲም ቆረጠች። በሩ ቦታው ተመልሷል፤ ሲከፈት ድምፅ እንኳ አያሰማም። አራሚዋ ጠረጴዛውን ጠርጋ ሳህን ደረደረች፤ አራት።

«አራተኛው ለማን ነው?» አለች ብሎን።

«ለሚመጣው።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠየቅሁም፤ ሳህን ነው ያስቀመጥኩት።»

ብሎን አጎቷን አየችው። አጎቷ ዳቦውን አየ።

«አጎቴ፣ ምንድን ነው ነገሩ?»

«እኔን ምን አገባኝ፤ ልብስ ልበስ ተባልኩ፣ ለበስኩ።»

አራሚዋ መነጽሯን አድርጋ መልእክቱን ከስልኳ አወጣችና ልጇ ፊት አስቀመጠችው። ብሎን አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ ጭና መሳቅ ጀመረች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«እማዬ፣ ይቺ ናት እኮ ጎጆዋ። ይቺ ውስጧ ተቀምጠሽ ዓሣ የምትበዪባት።»

«ጎጆ ይከራዩታል፤ ወደ ጎጆም ይሄዳሉ። ‹ጎጆ ልወጣ ነው› ያለ ሰው ግን ሊያገባ ነው። ‹ወደ› የምትባለዋ ቃል የት ገባች?»

«በአንድ እጄ ገመድ ይዤ ነው የጻፍኩት።»

«ሁለት ፊደል ናት። ለሁለት ፊደል ብለሽ እናትሽን የሰው ባል ጤና ታስመረምሪያለሽ።»

ወንድሟ ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለም። ሳቁ ሲያመልጠው ክራቫቱን ፈትቶ ዓይኑን ጠረገበት። አራሚዋ ራሷም ከንፈሯ ዳር ላላ ሊል ሲል ታወቃትና አቆመችው። ማተሚያ ቤት ለገባ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የምትነግረው አንድ ነገር ነበር፤ አራሚ አንድ ስህተት ሲያገኝ ደስ ይለውና ይዘናጋል፤ ቀጣዩ የሚያመልጠው ያኔ ነው። ስልኩን መልሳ አነሳች።

«‹ሌላውን እዚያ እነግራችኋለሁ› ብለሻል። ሌላው ምንድን ነው?»

ብሎን ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። የዓሣ አጥንት ከሳህኑ ዳር ወደ ዳር ገፋች።

«የጥገናው ክፍል ኃላፊ ሁኚልን ብለውኛል።»

«የት?»

«አሁን የምሠራበት ከተማ። ከቤታችን በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁልጊዜ እማዬ። ማክሰኞ መልስ እሰጣለሁ ብያቸዋለሁ። አንቺ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። የምሬን ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ነው መጀመሪያ የተነፈሰው።

«ኧረ በስመ አብ። ብቻዋን? ባል የለ፣ ዘመድ የለ፤ ምን ተብሎ ነው የሚወራው? ሴት ልጅ ከእናቷ ቤት የምትወጣው ስታገባ ነው።»

«ማን ነው ያለው?» አለች አራሚዋ።

«አንቺ ነሻ። አሁን። ዓሣው እንኳ አልቀዘቀዘም።»

ደሟ ፈላ። የፈላው በወንድሟ ላይ ይሁን ወይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በያዘችው የገዛ ትርጉሟ ላይ እሷም አልለየችውም። የእነዚያ ሴቶች ድምፅ ከገዛ ወንድሟ አፍ ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከራሷ አፍ።

«እንግዲያው ተሳስቻለሁ» አለች። ብሎንና አጎቷ ተያዩ፤ ይህችን ቃል ከእሷ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። «የራሱን ቤት የያዘ ሰው ጎጆ ወጣ ይባላል። አበቃ። ባል ሲኖር ይጨመራል፤ በቅንፍ። አንተ መቀስ ይዘህ ስትዞር የምትውል ሰው፣ አምስት ሰው ለምታሠራ ልጅ ዘመድ ፈላጊ ማን አደረገህ?»

«ስምንት ናቸው» አለች ብሎን በዝግታ።

«ስምንት ሰው።»

«እሺ፣ እሺ። ተረታሁ» አለ ወንድሟ፤ እጁን አነሳ። «ግን እትዬ፣ ያንቺስ ነገር? ቤቱ ውስጥ ማን ሊቀር ነው?»

በክርክሩ መሀል ይህን ረስታው ነበር። ክርክሩን በሙሉ ካሸነፈች በኋላ ያሸነፈችው ማንን እንደሆነ ገባት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጋዙን ያመጣው የጎጆው ጠባቂ በተገለበጠው ጀልባ ሥር ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ሚስቱ ኋላው ቆማ ወገቡን በእጇ ትደግፍለታለች።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

«እፈልጋለሁ።» ብሎን መልሱን አፏ ውስጥ ይዛው እንደቆየች ያስታውቃል።

«ስንት ሊፍት ነው?»

«መቶ አስራ አራት። አንደኛው ዙሪያውን መስታወት ነው፤ ስትወጪ ከተማው ሁሉ ከእግርሽ ሥር ይታያል።»

«ሲበላሽ ያ መስታወት ውስጥ ያለው ሰው ምን ይሆናል?»

«ይጮሃል። አንዱ ባለፈው ሳምንት ሱሪውን…»

«ምግብ ላይ ነን» አለ አጎቷ።

አራሚዋ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ስምንቱ ሠራተኞች ሴት ይታዘዙ እንደሆነ ጠየቀች፤ ሁለቱ አይታዘዙም ተባለች፤ ስለ ሁለቱ ደግሞ አንድ በአንድ ጠየቀች። አንደኛው ሪፖርት ሲጽፍ ነጥብ የሚባል ነገር እንደማያውቅ ስትሰማ አፍንጫዋን ነፋች። ብሎን ስታወራ ፊቷ እየተፍታታ ሄደ፤ ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠጋች።

«የምከራየውንም ክፍል አይቻለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ቆይ ላሳይሽ።»

የራሷን ስልክ አውጥታ በጣቷ ፈለገችና ዘረጋችላት። አራሚዋ እጇ ቀድሟት ሄደ፤ ስልኩን ተቀበለች። ከሩቅ ሲታይ አንድ መስኮት፣ አንድ ባዶ ግድግዳ አለ። መስኮቱ ወዴት ነው የሚከፈተው? ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ ነው ወይስ እርጥበት? ምድጃውስ? መነጽሯን ዓይኗ ላይ አስተካከለች። ልጇ ምን ትል ይሆን ብላ ፊቷን ታያለች።

አራሚዋ መነጽሯን አውልቃ አጠፈችው።

«አሁን አታሳዪኝ» አለች። «መጀመሪያ አንቺ ግቢበት። ስትጠሪኝ መጥቼ አየዋለሁ።»

«እኔ ግን ልየው» አለ ወንድሟ፤ አንገቱን አሰገገ።

«አንተም ስትጠራ» አለችው፤ ስልኩንም በፊቱ ደፍታ ልጇ እጅ ላይ አስቀመጠችው።