ሰማይ ላይ ያለው ሰውዬ

ለቆሰበርና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ባለሱቁ ደርበው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን መሄዱን የምንገልጸው በታላቅ ኩራት ነው። እስካሁን ያልሰማ ካለ፣ ከደርበው ጋር ያልተገናኘ ብቻ ነው።

«በመኪና ከንጋት እስከ ምሽት የሚያንገላታውን መንገድ በአንድ ሰዓት!» ይላል ደርበው ስኳር እየመዘነ። «ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ውረዱ አሉን እኮ!»

የቆሰበሩ ጎረምሳ ይኸነው በዚህ ወሬ እንቅልፍ አጥቷል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክባት ያሰባት ልጅ፣ ሸጋ፣ የደርበው ጎረቤት ናት። ደርበው በበረረ ዕለት ግቢዋ መሀል ቆማ ነጠላዋን ወደ ሰማይ ስታውለበልብ ታይታለች። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ሁሉ በቆሰበር ስለሚያልፍ፣ አውሮፕላኑ በሌላ በኩል ይሄድ ይሆን ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ አየሽው?» አላት ይኸነው መንገድ ላይ አግኝቷት።

«ሆዱን አየሁት።»

«የደርበውን?»

«የአውሮፕላኑን! ምን ሆነሃል አንተ?»

«እዚያ ላይ ሆኖ አንቺን ሊያይሽ? ከዚያ ዘንገና ሐይቅ እንኳ የእንስራ አፍ አያህልም።»

«አየሁሽ መች አለኝ? መንገደኛን መሸኘት ደግ ነው።» ሳቀች። «አንተም ስትበር እወጣልሃለሁ። ያው… የምትበር ከሆነ።»

ይቺ «ከሆነ» አቃጠለችው። ለከሰል ያሳደገውን የዲከረንስ ዛፍ እንደቆመ ሸጦ ቲኬት ቆረጠ። አዲስ አበባ ዘመድም ጉዳይም የለውም። ቀኑንና ሰዓቱን ግን ለሸጋ ደጋግሞ ነገራት።

በዕለቱ በማለዳ ጀርባውን ለአዲስ አበባ ሰጥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ገሰገሰ። አዲስ ቅዳምን እስኪያልፍ ደስታው ልክ አልነበረውም። ዳንግላ ሲደርስ አንድ ሐሳብ ወጋው፦ እኔ ሰማይ ላይ ከሆንኩ፣ መውጣት አለመውጣቷን ማን ያይልኛል? ለደርበው ወጥታ ለእኔ ብትቀርስ?

«ወራጅ አለ!» አለ።

በሌላ ሚኒባስ ወደ ቆሰበር ተመለሰና በሸጋ ግቢ የቀርከሃ አጥር ሥር፣ ሳማው መሀል ተኮራምቶ ተቀመጠ።

ሰዓቱ ሲደርስ ሸጋ ወጣች። ያውም ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ! ለደርበው በአዘቦት ቀሚሷ ነበር የወጣችው። ይኸነው የሳማውን ቃጠሎ ረሳ። ብዙም ሳይቆይ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ራሱ የሚያውቀው አንድ አውሮፕላን ከደመናው በላይ አጉረመረመ።

«በሰላም ግባልኝ የኔ ዓለም!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

የኔ ዓለም? ይኸነውን አንድም ቀን እንዲህ ብላው አታውቅም። እሱ እዚህ በሳማ እየተለበለበ፣ ያ ሰማይ ላይ ያለው ሰውዬ ምን አድርጎላት ነው? በመልክ ይበልጠዋል? በዘር? ነጠላዋን ደግማ ስታነሣ አላስቻለውም።

«በቃ አልኩሽ! ግቢ ወደ ቤት!»

ሸጋ እጇ እንደተሰቀለ ዞረች። ሰማዩን አየች፤ አጥሩን አየች።

«ይኸነው? አውሮፕላኑ ላይ አይደለህም እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ለማን ነው እልል ያልኩት?»

«እሱን አንቺ ንገሪኛ!»

«ቆይ፣ አንተ እዚህ አጥር ሥር ምን ትሠራለህ?»

ይኸነው ያበጠ እጁን እያከከ ተነሣ።

«አልናገርም» አለ።