በማስታረቂያው መንገድ የተዘጋው ቫልቭ

ሙሜ ባሕር በሌለበት ከተማ፣ ሐረር፣ ተወልዶ ጠላቂ የሆነ ሰው ነው። መንግሥት ኦዴሳ የላከው መርከብ መጠገን እንዲማር ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ግን ከመርከቡ ላይ ይልቅ ከመርከቡ ሥር ያለው ሥራ አጓጓው። ኦዴሳ ሳለ ስለ ሐረር ያወራ ነበር፤ ሐረር ሲመጣ ስለ ኦዴሳ ያወራል። አሰብ ወደብ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ስለ ሁለቱም። የትም ቦታ ተደላድሎ ተቀምጦ እንደማያውቅ ራሱም አይክድም።

በዚያ ዓመት ፈላና በር አጠገብ ወዳለው የአክስቱ የኸዲጃ ቤት ሲመጣ ለእረፍት ነው አለ። እውነቱ ግን ፈተና ወድቆ ነበር። ጠላቂ በጀርባው ሁለት የአየር ሲሊንደር ያዝላል። የሁለቱም ቫልቭ ከማጅራቱ ኋላ ነው፤ አንዱ በቀኝ ጆሮው፣ ሌላው በግራ ጆሮው በኩል። ከታች ሳለ የአንዱ መተንፈሻ ጎማ ቢፈነዳ፣ አየሩ አረፋ ሆኖ ሳያልቅ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ያንን መዝጋትና በሌላው መተንፈስ አለበት። ያውም ሳያይ። ሙሜ ቀኙን እንደ ቤቱ በር ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ግራው ላይ ሲደርስ ግን ክርኑ እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ጎን ይዘረጋና ጣቶቹ ባዶውን ውኃ ይቧጥጣሉ። ፈታኙ ጓድ ለገሠ አልተቆጣም። ከእረፍት ስትመለስ ግራውን ካላዞርክ ጀልባ ላይ ተቀምጠህ የሌላ ጠላቂ ገመድ ትይዛለህ ብሎ ብቻ አሰናበተው።

ስለዚህ አሮጌ ሲሊንደሮች ለምኖ ይዞ መጣ። በየቀኑ ጠዋት አዝሏቸው ግቢው መሐል ይቆምና ክንዱን ወደ ኋላ ይወረውራል። ሠፈሩ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሠፈር ቧንቧ መክፈት ባሕር ማዶ ተሻግሮ የተማረ ሰው ተገኝቷል ተባለ። አንዲት ጎረቤት ከልቧ መጥታ የእኔንም እይልኝ አለችው፤ ሄዶ አየላት፤ ውኃ ግን አልመጣም።

ያልሳቁት አጎቱ ዓሊዪ ብቻ ነበሩ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ሱቁን ሙሜ እንዲረከባቸው ይፈልጋሉ። ዐርብ ከሶላት በኋላ በዚሁ ተጣሉ። ይህን ያህል አየር የምትወድ ከሆነ ሐረር ላይ በነጻ ሞልቷል አሉት። ሙሜ ምሳውን ትቶ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የላቸው። የሚያናድደው አጎቱ አለመሳሳታቸው ነበር። ባሕሩን ወድዶ ነው ወይስ ሱቁን ፈርቶ? እሱም አያውቀውም።

የሚመለስበት ቀን ደረሰ። የድሬዳዋ መኪና ለመያዝ ሲሊንደሮቹን እንዳዘለ ወደ ፈረስ መጋላ አመራ። የቀኙ አየር በልምምድ አልቋል፤ በግራው ትንሽ ቀርቶ ስለነበር ላለማባከን ጎማውን ነክሶ እየተነፈሰ ሄደ። ሲያቋርጥ የገባው ሰዎች የማስታረቂያ መንገድ በሚሉት ቀጭን መተላለፊያ ነው። የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይታረቁ አይተላለፉም ይባላል። መሐል ሲደርስ ከፊት ለፊት አጎቱ መጡ።

ወደ ኋላ እንዳይመለስ፣ ከድሬ ጠያራ መንደር ብርቱካን በቅርጫት ተሸክማ ለገበያ የመጣች ሐሊማ የምትባል ሴት ተከትላዋለች። አጎቱን ለማሳለፍ ጀርባውን ለግንቡ ሰጠና ለመቅጠን በእግሩ ጣቶች ተንጠራራ። የአጎቱ ቦርጭ አላልፍ አለ። እንደገና ተንጠራራ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ፊቱን ወደ አጎቱ ሲመልስ ትንፋሹ ከበደው። አንዴ ሳበ፣ ቀጠነ፤ ደግሞ ሳበ፣ ምንም የለም። ሲንጠራራ ግንቡ ግራውን ቫልቭ አዙሮ ዘግቶታል።

አጎቱ ይህን አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አላህ ራሱ አገናኘን። ሱቁን ትረከባለህ፤ እኔም ወደ ኋላ ተመልሼ መንገድ እለቅልሃለሁ። ካልፈለግህ አሁን አልፈልግም በል። ዝም ካልክ እሺታ ነው፤ ሙሽራም በዝምታ ነው የምትዳረው።»

ሙሜ ራሱን ሊነቀንቅ ሞከረ፤ ቫልቮቹ ማጅራቱን ግራና ቀኝ ይዘውታል። ጎማውን ቢተፋው ይተነፍሳል፣ ይመልሳልም። ነገር ግን የሐረር አየር አፍንጫው ሥር ሞልቶ እዚህ ከተፋው፣ አሰብ ላይ ከነተስፋው እንደሚተፋው ገባው። ካልተፋው ደግሞ ባለሱቅ ሆነ።

«አቦ፣ ብርቱካኔ ሊበሰብስ ነው» አለች ሐሊማ ከኋላ። «ወይ ተናገር ወይ ብረትህን አውልቅ።»

አጎቱ ነገሩን በፋቲሓ ዱዓ ሊዘጉት መዳፋቸውን ዘረጉ።

ሙሜ ግራ ክንዱን ወረወረ። ክርኑ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ሊወጣ ሲል ግንቡ መለሰው። ደግሞ ሞከረ፤ ግንቡ ደግሞ መለሰው። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ጆሮውን ታክኮ። ክርኑ በዚያ ሄደ፤ እጁ ቫልቩ ላይ አረፈ። ጨበጠና አዞረ። አየሩ እያፏጨ መጣ።

ከፊት ለፊት ለሚያይ ግን የታየው የተጨበጠና ወደ ላይ የወጣ ግራ እጅ ነው። አጎቱ በየእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ የድጋፍ እጅ ሲያዩ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ወይም እጃቸው ያውቃል። የተዘረጋው ግራ መዳፋቸው ተጨበጠና ከራሳቸው በላይ ወጣ።

ሙሜ ጎማውን በቀስታ አወጣ።

«አጎቴ፣ እኔ ወደ አሰብ መሄድን ነው ያቀረብኩት። እርስዎም እጅዎን አውጥተው ደግፈዋል።»

«እጄ ነው እንጂ እኔ አላወጣሁም» አሉ አጎቱ ገና ሳያወርዱት። «ለምዶበት ነው።»

«ምስክር ነኝ» አለች ሐሊማ። «በሙሉ ድምፅ አልፏል።»

አጎቱ ሊቆጡ ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ፤ ሳቁ ግን ቀደማቸው፤ ቦርጫቸው ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ኖራ ከግንቡ ረገፈ። ከዚያ ቁልቁል እያጉረመረሙ የኋሊት ተራመዱ። መውጫው ላይ ሲደርሱ ሱቁ እስከሚቀጥለው እረፍት ይጠብቃል አሉት፤ ሙሜም ኢንሻ አላህ አለ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ሁለቱም አልጠየቁም።

አሰብ ላይ ውኃው ውስጥ ጓድ ለገሠ ምልክት ሲሰጠው፣ ሙሜ ዓይኑን ጨፈነ። በግራ ግንብ፣ በቀኝ ግንብ፣ ከፊት የአጎቱን ቦርጭ አቆመ። ክርኑ መሄጃ ሲያጣ ጆሮውን ታክኮ ወጣ።

ጀልባው ላይ ሲወጡ ክርንህን ማን አስተካከለልህ አለው ጓድ ለገሠ።

«ግንብ» አለ ሙሜ፤ ገመዱንም ለሌላ ሰው አቀበለ።