የሰልስት ዋዜማ

ዶክተር ፍዮሪ የቢሮውን መኪና አምስት ኪሎ አስቁማ ወደ አፍንጮ በር በእግሯ ወረደች። ለቅሶ ቤት በመንግሥት መኪና መድረስ አልፈለገችም። የላቦራቶሪው ሰው በስልክ የነገራት አጭር ነበር፦ ትናንት የተቀበሩት ጋሽ ሉልሰገድ የሞቱት በኮሌራ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ከለቅሶው ድንኳን የተወሰዱ ሁለት ሴቶች በዚያው ሕመም ጤና ጣቢያ ተኝተዋል።

የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናትና ሠራተኛና ደንብ አስከባሪ ልካ ድንኳኑን ማስነሳት ትችል ነበር። ግን ጋሽ ሉልሰገድ ልብስ ሰፊ ጎረቤቷ ነበሩ፤ ሕክምና ስትገባ የመጀመሪያውን ነጭ ጋዎን የሰፉላት እሳቸው ናቸው። ጋዎኑ አሁን ከቢሮዋ በር ጀርባ ተሰቅሎ ይውላል። በሽተኛ ከዳሰሰች ዓመታት አልፈዋል። ድሮ ያዳነችውን ሰው ጫማውን አድርጎ ሲወጣ ታየው ነበር። አሁን የምታድነው ሰው መልክ የለውም፤ መዳኑንም አያውቅም።

በድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። እናቷ ወይዘሮ ንግስቲ ጥቁር ነጠላቸውን አገልድመው ለነገው ሰልስት ሽንኩርት የሚከትፉትን ሴቶች ያዛሉ። የእድሩ ወጥ ቤት ከእሳቸው እጅ ወጥቶ አያውቅም።

"መጣሽ ጓለይ፣ የኔ ልጅ?" አሉና ከበርሜሉ በጣሳ ቀድተው ሰጧት። "ጠጪ፣ ቀዝቃዛ ነው። ቧንቧው እንደሆነ ሰነበተ ከጠፋ፤ ልጆቹ ከታች ከምንጯ ቀድተው ሞሉልን። ሉልሰገድም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእሷ ሌላ አይጠጣም ነበር። መድኃኒት ናት ይል ነበር።"

ፍዮሪ ጣሳውን ሳትጠጣ መሬት አስቀመጠችው።

"እማ፣ አንቺም ጠጥተሻል?"

"ታዲያ ምን ልጠጣ?"

የእድሩን ዳኛ፣ የጨርቅ ነጋዴውን ጋሽ አብዱልሃሚድን፣ ወደ ውጭ ጠራቻቸውና ነገረቻቸው።

"ድንኳኑ ዛሬውኑ ይነሳ፤ ውሃውም ምግቡም ይደፋ፣ ጋሽዬ።"

"ነገ ሰልስት ነው እኮ፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ እስላሙ እንኳ የስንቱን ሰልስት አስወጥቻለሁ። ሉሌ ሳይወጣለት ሊቀር? ውሃውን አሁኑኑ እደፋልሻለሁ። ነገ ይለፍና ገመዱንም ራሴ እፈታዋለሁ። አንዲት ቀን ነው የለመንኩሽ።"

"ነገ ስንት ሰው ይበላል?"

"ለቅሶ ላይ ሰው ይቆጠራል እንዴ?" ወደ ፒያሳ አቅጣጫ፣ የፈረሰው ሰፈር ወደነበረበት፣ በእጃቸው አሳዩአት። "ግማሹ አባል ዳር አገር ኮንዶሚኒየም ተበትኗል። ለሰልስት ግን ሁለት ታክሲ ይዞም ቢሆን ይመጣል። የቀረችን ይቺ ድንኳን ናት፤ እሷን ደግሞ አንቺ ልታፈርሻት!"

ፍዮሪ አሰበች። ውሃው ቢደፋ እንኳ ሳህኖቹ በእሱ ታጥበዋል፤ ያን ሁሉ ሽንኩርት የከተፈው እጅ በእሱ ታጥቧል፤ ለግቢው ሁሉ ያለው መጸዳጃ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የበላው ሰው በሽታውን ይዞ በየአቅጣጫው ይሳፈራል። አንድ ቀን መታገስ ግን እንዴት ቀላል ነበር። ማንም አይጠይቃትም።

ወሬው ቀድሟት ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ካርታ ሲሰጥ የነበረው ኤርሚ አንገቱን ብቅ አደረገ።

"ዶክተርዬ፣ ሟቹን ሳታድኚ ድንኳኑን ልታክሚ መጣሽ?"

አንዳንዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ሰገነት ከፍራሹ ላይ ተነስተው መጡ።

"እኛ ቆሻሻ ነን ማለትሽ ነው፣ ፍዮሪ? ሉሌ በቆሻሻ ሞተ ልትይ?"

"አይደለም፣ እትዬ ሰገነት። ውሃው ነው።"

"ያንን ውሃ የቀዳሁለት እኔ ነኛ!" አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እናቷ ክንዷን ይዘው ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰዷት።

"ተዪው። እባክሽ ተዪው። ነገ እኔ ስሞት ማን ያነሳኛል? አንቺና መኪናሽ?"

ፍዮሪ ክንዷን አስለቀቀች። ስልኳን አውጥታ ሠራተኞቹ እንዲመጡ አዘዘች። እስኪደርሱ ግን አልጠበቀችም፤ ወደ በርሜሉ ሄዳ በሁለት እጇ ገፋችው። አልንቀሳቀስ አላት። የሚያግዛት አልነበረም። እንደገና ስትገፋው ተገለበጠ፤ ውሃው በሴቶቹ እግር ሥር አልፎ ሽንኩርቱን እየነዳ ወደ ቦዩ ወረደ።

በዚያው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። ጤና ጣቢያ የተኙት ሁለቱ ሴቶች ድነው ወጡ። ከዚያ በኋላ የታመመ አልነበረም። ሰፈሩም፣ "ታዲያ ኮሌራው የታለ?" አለ። ጋሽ ሉልሰገድ ያለ ሰልስት መቅረታቸው ግን በሰው ልብ ውስጥ ቀረ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ተሰማ። ጡሩምባ ነፊው በየደጁ እየቆመ የሟቹን ስም ጠራ። በወይዘሮ ንግስቲ ደጅ ግን እርምጃውን ሳይገታ አለፈ። ወይዘሮ ንግስቲ ጥቁር ነጠላቸውን ለብሰው ከበሩ ጀርባ ቆመው ነበር።

"ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ተጠርቻለሁ" አሉና ወጡ። ፍዮሪም ከሥራ ቀርታ ተከተለቻቸው።

ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው። ወይዘሮ ንግስቲ እንደ ልማዳቸው ቢላዋ ሲያነሱ አንዲት ሴት በቀስታ ከእጃቸው ተቀበለቻቸው።

"ይቀመጡ፣ እትዬ ንግስቲ። ደክሞዎታል።"

ሳህን ሊያጥቡ ሄዱ። "እኛ አለን፣ ይረፉ።" ክፉ ቃል የተናገራቸው የለም። በመጨረሻ ከልጃቸው ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ፍዮሪ በርሜሉን አየችው። አዲስ ክዳን ተበጅቶለታል፤ ረጅም እጀታ ያለው መቅጃም አጠገቡ ተንጠልጥሏል። ጋሽ አብዱልሃሚድ አለፍ አለፍ እያሉ ክዳኑን ይነካኩታል። ወደ እሷ አልተመለከቱም።

አንዲት ሴት ለእናቷ ውሃ አመጣችላቸው። ቀመሱና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"በረኪና በረኪና ይላል" አሉ በሹክሹክታ።

"ጥሩ ነው፣ እማ።"

"ለእነሱማ ጥሩ ነው።" ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ሥራ ያጡትን እጆቻቸውን ከነጠላቸው ሥር አስገቡ። ፍዮሪም አጠገባቸው ተቀምጣ ሰው ሁሉ ከበርሜሉ እየቀዳ ሲጠጣ አየች።