የጾም ዳስ

«ፍጠን ልጄ» አሉ እትዬ አሰበች፣ የባጃጁን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

«ከዚህ በላይ ከፈጠንኩ ጉድጓድ ውስጥ ነን» አለ ሾፌሩ አንዱአምላክ። «ምነው፣ ምን ሰሙ?»

«አንተው አይደለህ የነገርከኝ? ትምህርት ቤቱ ዳስ እየጣሉ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ። ሳልፍ ወንዶች ተሰብስበው እንጨት ሲተክሉ አየሁ። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

እትዬ አሰበች በልባቸው ቆጠሩ። መጋቢት ነው፤ ሁዳዴ ከገባ ሦስት ሳምንት አልፎታል። በጾም ሠርግ የለም። በጾም ዳስ ከተጣለ ለለቅሶ ነው። ለቅሶ የሚቀመጡት በቤት እንጂ በትምህርት ቤት እንዳልሆነ በዚያ ሰዓት አላሰቡትም። ያሰቡት ሃይሚን ብቻ ነው። የልጅ ልጃቸው ትናንት ከሰዓት በክፍሉ ሙቀት አፍንጫዋን ነስሯት፣ ደረቷ በደም ርሶ ነበር የመጣችው። «ዛሬ አትሄጅም» ቢሏት፣ ፈተና አለብኝ ብላ ለምና ወጣች። እናቷ ጎንደር ለሥራ ስትሄድ «አደራ» ብላ የሰጠቻቸው ልጅ ናት። ምነው እግሬን በሰበረው፣ ምነው ባልለቀቅኋት እያሉ ደረሱ።

ግቢው ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ባየልኝ የሚባለው የማሽላ ገበሬ ጉድጓድ ይቆፍራል። የሰፈሩ ሰው ሳጂድ ምሰሶ ይዞ ቆሟል። መምህርት ወንጌል አየቻቸውና ደንግጣ መጣች።

«እትዬ አሰበች፣ ማን ሞተብዎ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ?»

«ነጠላዎን አዘቅዝቀውታል እኮ።»

ወደ ታች አዩ። እውነትም ጥለቱ ትከሻቸው ላይ ወጥቷል፤ መቼ እንዳዘቀዘቁት አያውቁም።

«ሃይሚስ?»

«ሒሳብ እየተፈተነች ነው። ደህና ናት።»

እትዬ አሰበች ምሰሶውን ተደገፉ። «ተመስገን» አሉ፤ ደግመው፣ ሠልሰው አሉት። «ታዲያ ይኼ ዳስ የማን ነው?»

«ዳስ አይደለም፣ ራኩባ ነው» አለ ሳጂድ። «ልጆቹ ከፀሐይ የሚጠለሉበት የአገዳ ጥላ። የትናንቱን ደም ያየ ሁሉ ማታ ስብሰባ ወጣ። ባየልኝ አገዳውን በትራክተር አመጣ፣ እኔ እንጨቱን።»

«ለእሷ ብላችሁ?»

«ለሁሉም ነው» አለ ባየልኝ። «ያነሣሣችን ግን እሷ ናት።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ ግን ልወስዳት ነው የመጣሁት። ዝናብ እስኪጥል ከቤት ትዋል።»

«አምና ሰባት ልጆች እንዲሁ ብለው ቀርተዋል» አለች ወንጌል። «ዝናቡ ከጣለ በኋላም አልተመለሱም።»

እትዬ አሰበች ክፍሉን ዞሩት። በምዕራብ በኩል የቆርቆሮውን ግድግዳ በመዳፋቸው ነኩት፤ እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። የሃይሚ ክፍል ጀርባ ነው። ተመልሰው መጡ።

«ይኼን የምትሠሩት ለልጆቹ ነው ለራሳችሁ?»

«እንዴት?» አለ ባየልኝ።

«ከሰዓት በዚህ በምሥራቅ በኩል የቤቱ ጥላ አለ። ጥላ ላይ ጥላ ትሠራላችሁ። ፀሐዩ በዚያ በኩል ግድግዳውን እያነደደው ነው። አሥር ዓመት በሰሊጥ እርሻ ለሠራተኛ ወጥ ስሠራ ራኩባዬን በምዕራብ ነበር የማስተክል።»

ሳጂድ ባየልኝን አየው። «እኔ ነግሬህ ነበር።»

«አልነገርከኝም። ፀሐይ ሽሽት እዚህ እንጀምር ያልከው አንተ ነህ።»

«እንግዲህ ንቀሉት» አሉ እትዬ አሰበች። «አፈሩ ሳይጠብቅ።»

ሁለቱም እየሳቁ ምሰሶውን ነቀሉት።

አገዳውን ወደ ምዕራብ እያዞሩ ሳለ ፈተናው አለቀ። ሃይሚ ወጣችና አያቷን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«እማማ፣ ልትወስጅኝ ነው የመጣሽ?»

ወንጌል፣ ባየልኝ፣ ሳጂድም ቆመው አዩዋቸው። እትዬ አሰበች የልጅቷን ግንባር ነኩ፤ አፍንጫዋንም አዩ።

«አይደለም» አሉ። «ገመድ ላቀብል ነው። አንች ክፍልሽ ግቢ።»

ገመዱን ከሳጂድ እጅ ተቀበሉ።